ሞተሩን ሸጥኩ፣ ቁልፉን አስቀረሁ

የሟቹን ልጄን የሰይድን ሞተር ዛሬ ሸጥኩ። ገዢው እስከ አስፋልቱ ገፍቶት ሄደና መልሶ እየገፋ መጣ።

«እናቴ፣ ቁልፉን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም። ከብት ሲሸጥ ገመዱ እቤት ይቀራል፤ በረካው አብሮ እንዳይሄድ።»

«ይኼ እኮ ላም አይደለም» አለ ላቡን እየጠረገ።

አውቃለሁ፤ ጣሊያን ሠራሽ ነው። ጉልበቱ ትንሽ፣ መልኩ የድሮ ሞተር። ሰይድ ከራሱ ልብስ ይልቅ እሱን ነበር የሚያጥበው።

ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ ተጠርተው «ገመዱ ሐቋ ነው፤ አንተ ሌላ አስቀርጽ» ብለው ፈረዱ።

ሰውየው ቁልፉን ይዞ በሚኒባስ ደሴ ሄደ። ቁልፌን እስኪመልስ ሞተሩን መያዣ አድርጌ ግቢዬ አቁሜዋለሁ። አትቸኩል ብዬዋለሁ።

እናንተስ የሟች ዕቃ ስትሸጡ ምኑን አስቀራችሁ?