ገመድ ላይ የቀረው ጀለቢያ

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ እስካሁን ሆዴ ይባባል። ልጅ ሆኜ በጠረፍ ከተማችን በሸሕዲ ብቸኝነት የሚጠናብኝ በዚያ ሰሞን ነበር። እናቴ ሞታለች፤ ትራክተር ነጂው አባቴ ደግሞ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲል ይከርማል። እኔ በጎረቤታችን በሐጃ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ያለፈ መኪና ሁሉ እሱን ይዞ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጎጃም አዲስ የሥዕል መምህር መጣልን። ከሱ በፊት ሥዕል ማለት ሰሌዳ ላይ የተሣለ ማሰሮ መገልበጥ ነበር፤ የተንጋደደበት ልጅ ይቆነጠጣል። ይህኛው ሰሌዳውን ባዶውን ትቶ የራሱን ካሜራ አወጣ። «ዛሬ እናንተ አስተምሩኝ፤ ከየቤታችሁ እኔ የማላውቀውን ፎቶ አንስታችሁ አምጡ» አለን። ፊልም ውድ ስለሆነ ለየልጁ አንድ ፎቶ ብቻ፤ ካሜራው በየተራ ቤታችን ያድራል። ሌሎቹ ፍየል አነሱ፣ ታናሽ ወንድም አነሱ። እኔ አባቴን ነበር የምፈልገው፤ አንድም የሱ ፎቶ ቤታችን አልነበረም። ለምኜ ተራዬን የመጨረሻ አደረግሁ።

አይ ዕድል! ካሜራው እኔ ዘንድ ባደረበት ቀን አባቴ አመሻሽ ላይ ከች አለ። አቧራና ናፍጣ ነበር ከላይ እስከታች። ላነሳው ስል ካሜራውን በመዳፉ ሸፈነው። «እንዲህ ሆኜማ አይሆንም ልጄ። ነገ ታጥቤ፣ ነጩን ጀለቢያ ለብሼ ታነሺኛለሽ።» ጀለቢያውን በደስታ አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁት።

ጠዋት ስነሳ አባቴ የለም። ጎህ ሳይቀድ የእርሻው መኪና መጥቶ እንደወሰደው ሐጃ ነገሩኝ፤ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፣ ሰው አይጠብቅም። ካሜራው የግድ በዚያው ቀን መመለስ ነበረበት። ጀለቢያው ደርቆ ነፋስ ይነፋዋል። እሱኑ ፎቶ አነሳሁ።

ፎቶዎቹ ጎንደር ታጥበው መጥተው ክፍላችን ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ልጆቹ ሳቁብኝ። መምህሩ አልተቆጣም። «ባለቤቱ የት የሄደ ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ወንዝ ወርዶ ነው አለ፣ አንዷ ገለባት ሊነግድ ድንበር ተሻግሮ ነው አለች። ሁሉም እንደሚመለስ እርግጠኞች ነበሩ፤ እኔም ደስ አለኝ። ፎቶው ገና ከግድግዳው ሳይወርድ መርዶው መጣ፤ አባቴን ወባ እርሻው ላይ አስቀረው።

ዛሬ እዚያው ሸሕዲ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንደዚያን ጊዜ ፊልም የሚቆጠብበት ዘመን አይደለም። ከእርሻ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ለቤተሰብ የሚልኩት ፎቶ ሊነሱ ይገባሉ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ፊቴን ልታጠብ» ይላሉ። እሺ እላለሁ፤ ግን ወደ ውሃው ሳይዞሩ አንድ አነሳቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጀለቢያ ፎቶ የሚያዩ ደግሞ ልብስም እሸጥ እንደሆነ ይጠይቁኛል።

አባቴ ነው እላቸዋለሁ።