እትዬ ካምፓን የሰጡትን ሲለምኑ

እትዬ ካምፓን እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሐር ይሸምናሉ፣ ሩዝ ይዘራሉ፣ የተረፈቻቸውን ጊዜ ደግሞ ለአበባቸው ይሰጧታል። የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል፤ ግንዱ ከሥሩ ያበጠ፣ ቀይ አበባው በበጋ የሚፈካ ተክል ነው። ደጅ ላይ ከተቀመጠ ሲሳይ ይጠራል ይባላል። ታዲያ ሰው ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ አዲስ ቤት ሲሠራ እትዬ ካምፓን ይህ አበባ የተተከለበትን አንድ ሸክላ አቅፈው ከች ይላሉ። ሌላ ሀብት የላቸውም። መስጠት ግን ያምርባቸዋል፤ በዚያ መንደር አበባቸው ያልደረሰበት ደጅ አልነበረም።

ኤሊም ያልደረሰበት ደጅ አልነበረም። ኤሊዎቹ የመንደሩ አድባር ንብረት ናቸውና ማንም አይነካቸውም፤ አጥር ሁሉ ከሥሩ መግቢያ ይተውላቸዋል። የወደቀ ፓፓያ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ዝናብ ያበቀለው እንጉዳይ፣ ከሐር ትሎች የተረፈው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል፣ ሁሉም የነሱ ድርሻ ነው። ልጆች ከነሱ ጋር ያድጋሉ፣ አሮጊቶች ጉዳያቸውን ለነሱ ያወራሉ።

አንድ ዓመት በጋው ከረረ። ሳሩም ሐረጉም ደረቀ፣ ኤሊዎቹም መሞት ጀመሩ። አረፋ ይደፍቃሉ፣ አንገታቸውን ማስገባት ያቅታቸዋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላሉ። መንደርተኛው በድንጋጤ ምን አዲስ ነገር መጣብን ብሎ ጠየቀ። አዲስ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቡንሪየም ልጅ ከከተማ ያገባት ዎራኑት። እሷ ደግሞ ሳይነጋ ተነስታ የራሷን ደጅ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን አጥር ሥር ሁሉ ትጠርጋለች። ቡንሪየም ራሷ ምራቴ በየሰው ደጅ ምን እንደምትሠራ እንጃ ብላ አወራች። አማት እንዲህ ካለች ጎረቤት ምን ቀረው? መርዝ ትረጫለች አለ። ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስቱን ከመንደሩ ለማስወጣት ተቀጣጠሩ።

እትዬ ካምፓን ያን ሰሞን ቅር ያላቸው በሌላ ነገር ነበር። ለዎራኑት ሠርግ የሰጧት አበባ ከነቡንሪየም የሩዝ ጎተራ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ አዩት። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ሄዱባት።

«ሙሽሪት፣ አበባዬ ምን ቢበድልሽ ነው እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ያወጣሽው?»

ዎራኑት ከቤቱ ደረጃ ሥር ቅርጫት ጎትታ አወጣች። ጠርጋ ያጠራቀመችው ቀይ አበባ ሞልቶበታል።

«ኤሊዎቹ ቀይ ነገር ካዩ አይተዉም፣ እትዬ። አሁን ደግሞ ሌላ የሚበሉት የለም። የአያቴ ፍየል ከዚሁ ተክል በልታ ነው የሞተችው። ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሲያወሩብሽ ዝም አልሽ?»

«እዚህ አገር ስገባ የሳቁልኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። የእርስዎ ስጦታ ነው የገደላቸው ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?»

እትዬ ካምፓን ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ዝም ቢሉ ስማቸው እንዳማረ ይቀራል፣ ልጅቷ ትሄዳለች፣ ማንም አያውቅም። ይህን አሰቡት፤ ለአንድ አፍታም ተመኙት። ከዚያ በራሳቸው አፍረው ተነሱ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ወሬ ሳይጀምሩ እትዬ ካምፓን ጋሪ እየጎተቱ መጡ። ጋሪው ላይ የሟች ባላቸው እጅ የተከለው አሮጌው አበባ ነበር።

«ኤሊዎቹን የገደልኩ እኔ ነኝ» አሉ። «በየደጃችሁ ያስቀመጥኩት አበባ ነው። ይህች ልጅ የኔን ጉድ ስትጠርግ ነው ያያችኋት። አሁን የሰጠኋችሁን መልሱልኝ።»

የመንደሩ ሹም ስጦታን መልሶ መጠየቅ ነውር መሆኑን አስታወሳቸው።

«ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ። እናንተ ሸክላውን ብቻ ጫኑልኝ።»

ከዚያ ቤት ለቤት ዞሩ። አንዱ ሳያንገራግር ሰጠ፣ አንዱ እስኪለምኑት ጠበቀ፣ አንዱ ሲሳዬን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ አጉረመረመ። አንዲት እናት ልጄ ሲወለድ ያመጡልኝ ነው ብላ አለቀሰች፤ እሳቸውም አብረዋት አለቀሱና ሸክላውን ወሰዱ። በሸክላው ቦታ ከጓሯቸው የቆረጡትን የእንጆሪ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከሉ አለፉ። ያን ቀን እትዬ ካምፓንን ያየ ሰው ድፍረት ምን እንደሚመስል አይቷል።

መጨረሻ የደረሱት ቡንሪየም ቤት ነው። ቅርንጫፉ አልቆባቸው ነበር።

«ባዶ እጄን መጣሁ» አሉ አፍረው።

ቡንሪየም ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። መሰላል አምጥታ ራሷ ጎተራው ላይ ወጣች፣ ሸክላውን አውርዳ ጋሪው ላይ ጫነችው። ከዚያ ወደ ምራቷ ዞረች።

«መጥረጊያውን ወዲህ ስጪኝ» አለቻት። «ነገ ጠዋት የረገፈውን አበባ እኔ ነኝ የምጠርገው።»