ከፍለው የታጨቁት ሰዎች

ካድሬዎቹ የወሰዱኝ ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት ነው። የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ፤ አርባ ሴት እርስ በርስ ተደጋግፎ ተቀምጧል።

ቦታ የለቀቀችልኝ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበረች። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት በእጇ እየተደገፈች ነበር የምትንፏቀቀው።

አንድ ቀን ከቤት የመጣልኝ ምግብ የተጠቀለለበት ወረቀት ፈታሾቹን አመለጠ። ሥዕልና ጽሑፍ አለበት። ባርኔጣ ያደረጉ ወፋፍራም ሰዎች ባቡር ውስጥ ታጭቀዋል፤ ያንዱ ዣንጥላ የሌላው አፍንጫ ውስጥ ሊገባ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ለእሷ ሰጠኋት።

«የድሮ ፈረንሳዮች ናቸው» አለችኝ። «ትንሽ ሲያልፍላቸው ባሕር እናያለን፣ እንዝናናለን ብለው ይሄዱ ነበር። ሠዓሊው እያሾፈባቸው ነው።»

«ከፍለው ነው እንዲህ የሚታጨቁት?»

«ከፍለው ነዋ።»

«እኛ ምን አለብን ታዲያ፣ በነፃ።»

ቀልዱ ካንዷ ወዳንዷ ተላለፈና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጠባቂው ሰምቶ ገባ። ወረቀቱን አገላበጠው።

«ይሄ ቦርጫም ማነው? በየትኛው አለቃ ነው የምታሾፉት? የማን ነው ወረቀቱ?»

የኔ ነበር። የኔ ነው አላልኩም።

«የኔ ነው፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ» አለች አስተማሪዋ። ሊጎትታት ሲል «ተወኝ፣ እሄዳለሁ» ብላው ግድግዳውን ይዛ ቆመች። በዚያ እግሯ ቆማ ወጣች። አልተመለሰችም።

በሳምንቱ ከየቤቱ የመጣው ምግብ ሲከፋፈል ሁሉም ስሙን እያየ ሳህኑን አነሳ፤ የእሷ ብቻ ቀረ። መሞቷ ለእናቷ ገና አልተነገራቸውም።

«እንብላው እንጂ» አለች አንዷ። ርቦን ነበር።

«ባዶ ሳህን ከሄደላቸው በልታለች ብለው ሲመላለሱ ሊኖሩ ነው» አልኩ። ጨርቁን እንኳን ሳልፈታ እንዳለ መለስኩት። ያን ቀን እናትየው በር ላይ ምን እንደሆኑ እግዜር ይወቅ።

ባለፈው የልጅ ልጄ አሁን በስደት ከምኖርበት ከፍሌሚንግተን በትራም ከተማ ወስዳ እንደዚያ ያሉ የድሮ ሥዕሎች አሳየችኝ። የአስተማሪዋን ታሪክ ነገርኳት። «ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

እስር ቤት ስም አንጠያየቅም ነበር፤ ሲገርፉን የምናወጣው እንዳይኖረን። ሳህኑ ላይ ተጽፎ በእጄ ይዤው ነበር፤ ማንበብ አልችልም።

ቤተ ክርስቲያን የሙታን ስም ሲጠየቅ «አባ፣ አንዲት አስተማሪ ይበሉልኝ» እላቸዋለሁ። ይሉልኛል።