ኤም አር አይ ውስጥ ፔዳል የረገጠችው አክስቴ

አክስቴን አንድ ተራ ቀን ስንት እንደሚያስወጣት ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ፤ ለአንድ ሱሪ ስምንት መቶ ያህል የፔዳል ርግጫ፣ በቀን አምስት ሱሪ፣ በዚያ ላይ ወደ ሱቋ የሚያወጡት ሃያ ሁለት ደረጃዎች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁሉንም የምትከፍለው በቀኝ ጉልበቷ ነው።

ባለፈው ወር ከወንበሯ ስትነሳ የወደቀ የክር ጥቅልል ረገጠችና ያው ቀኝ ጉልበቷ ተጠመዘዘ። ራጁ ምንም አላሳየም። ሐኪሙ፣ “አጥንቱ ደህና ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልግ እንደሆነ የምነግርዎት ግን ውስጡን በኤም አር አይ ካየሁት በኋላ ነው” አላት። ኦፕራሲዮን ማለት ለእሷ ሱቁን መዝጋት ነው።

ልጄን ለጎረቤት ትቼ ለኤም አር አዩ አብሬያት ሆስፒታል ሄድኩ።

“ብረት ነገር ይዘዋል፣ እናቴ?” አላት የማሽኑ ባለሙያ በሩ ላይ።

“ኧረ ምን ብረት አለኝ!”

የብረት መፈተሻውን ሲያስጠጋባት ጮኸ። ከኮሌታዋ አራት ስፒል ወጣ፣ ከቀሚሷ ጠርዝ ሁለት። የሆስፒታሉን ጋውን ለብሳ ስትመለስ እንደገና ጮኸ።

“ጋውኑ እኮ የእኛ ነው!” አለ ግራ ገብቶት።

“የእናንተማ ነው። ጎኑ ተተርትሮ አላስችል ቢለኝ ጠቀም ጠቀም አደረግሁት” አለች፣ መርፌውን ከደረቷ ላይ እየነቀለች።

እንደምንም ገባች። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ከባለሙያው ጋር ቆምኩ። ማሽኑ ልክ እንደ ስፌት መኪናዋ ተካ ተካ ተካ ሲል የአክስቴም እግር አብሮት ተነሳ።

“እናቴ፣ አይንቀሳቀሱ!” አለ በማይክሮፎኑ።

“እኔ መቼ ተንቀሳቀስኩ? እግሬ ነው!”

ምስሉ ተበላሸ። “እንዲህ ከሆነ ሌላ ቀጠሮ ነው፤ እሱም ከሁለት ወር በኋላ” አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ እግር ፔዳል ስትረግጥ ታየኝ። ማይክሮፎኑን ተቀበልኩትና፣ “አክስቴ፣ ክሩ ተበጥሷል!” አልኳት።

እግሯ ቀጥ አለ። ሠላሳ ዓመት ክር ሲበጠስ መቆም የለመደ እግር ነው።

“ርካሽ ክር አትግዢ ብዬሽ ነበር!” አለችኝ ከውስጥ።

ድምፁ በተቀየረ ቁጥር “ተበጠሰ!” እላለሁ። ባለሙያውም ለመደውና፣ “የታችኛውም ክር ተበጥሷል፣ እናቴ!” ይል ጀመር።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። በሁለቱ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የተቀመጠው ልስልስ ነገር ጥቂት ተሰንጥቋል። ሐኪሙ እንዳለው፣ ስድስት ሳምንት ፔዳል ካልነካች፣ የታዘዘላትን እንቅስቃሴም ከሠራች ኦፕራሲዮን አያስፈልጋትም።

ይህን ልጽፍ መሆኑን ስትሰማ እንዲህ በይልኝ አለች፦ “ልብስ የሰጣችሁኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ስድስት ሳምንት ታገሱኝ፤ ለሌላ ሰፊ አትስጡብኝ። ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ እሱን ዛሬም አምጡልኝ።”