ከጭብጨባው በፊት የሚመጣው ቃል

ኮምፒዩተር የሚባል ዕቃ ሐዋሳ ሲገባ ማዘዝ የሚችለው ሰው እኔ ነበርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ባህል አዳራሽ አጠገብ ሬዲዮ ስጠግን እንግሊዝኛውን ከመመሪያ መጻሕፍት ለቅሜዋለሁ። የከተማው እርሻ ኮሌጅ ምሁራን ማሽኑን በጨርቅ ሸፍነው ሲፈሩት እኔ ገልጬ አሠራሁት። ቀጠሩኝ።

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ማሽኑ ረብ ያለው ሥራ ካልታየበት ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል። እሱ ከሄደ እኔም ወደ ሬዲዮዬ መመለሴ ነው።

ውጭ አገር ተምራ የመጣች አንዲት ዶክተር የሰብል ዘር ታጠና ነበር። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ መሆኑን እሷ አስረዳችኝ። ሙቀት ሲበረታ በሰብሉ ውስጥ የሚነቁ ጂኖች የሚባሉ የጽሑፉ ክፍሎች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው በፊት «ተነሥ» የሚል አጭር ቃል ሳይኖር አይቀርም። በሁሉም ፊት የሚደገመውን ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማሽኑ ምንም አላገኘም።

«ጋሼ፣ ማሽንዎ ሻንጣውን ቢያዘጋጅ ይሻላል መሰለኝ» አለችኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ሳልፈቅድለት የትም አይሄድም!»

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ያኔ ተናጋሪ ሁሉ ያንኑ መፈክር ያሰማል፣ ከዚያ ይጨበጨባል። ሊቀመንበሩ ከመፈክሩ አንድ ቃል ዘለለ፤ አዳራሹ ግን በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ የተነሣው ተናጋሪ ደግሞ አንዱን ቃል በሌላ ተካው፤ ለእሱም ተጨበጨበ። እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ጎረቤቴ ዓሣ አጥማጁ በክርኑ ጎሸመኝ።

«አጨብጭብ እንጂ! ልታስበላን ነው?»

«ተሳስቶ የለ እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! መፈክር መሆኑ ከታወቀ መች አነሰ?»

እጄ እያጨበጨበ ሐሳቤ ማሽኑ ዘንድ ሄደ። ያዘዝኩት በሁሉም ጂኖች ፊት አንድም ፊደል ሳይዛነፍ የሚደገም ቃል እንዲፈልግ ነበር። ጂኑስ እንደ እኛ አዳራሽ ትንሽ ስሕተት እያለፈ ቢነቃ?

ሰኞ አንድ ሁለት ፊደል ቢለያይም እንዲያልፍ አድርጌ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ማሽኑ ሲያጓራ ውሎ ቃሉን አወጣው፤ በሙቀት ከሚነቁት ጂኖች ሁሉ ፊት ተቀምጧል።

«የላላ ወንፊት ሁሉን ያሳልፋል፣ ጋሼ» አለች ዶክተሯ።

ያንኑ ቃል ሙቀት በማይቀሰቅሳቸው ጂኖች ፊትም እንዲፈልግ ማሽኑን አዘዝኩት። እዚያ የለም ማለት ይቻላል። ያኔ ብድግ ብላ አጨበጨበችልኝ፣ መፈክር ሳላሰማ።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው፦ ቃሉን አገኘሁ። ማሽኑን ሊጭኑ የመጡትን ሰዎች ራሴ አስረድቼ በባዶ መኪና ሸኘኋቸው። ዶክተሯ ጥናቷን ጨረሰች፣ እኔም ወንበሬን አላስነካሁም። ከቀበሌ ስብሰባም ቁም ነገር ይዤ ወጥቻለሁ፤ ይህን እንኳ የደገመ ሰው አላየሁም።