የማዙሬክ ግራ ዓይን

የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ወጣቱን ኮከብ ማትያስ ቡድሮን ለስምንት ዓመት ያስፈረመ ዕለት እኔ በጓደኛዬ በዳሪል ማዙሬክ ጓሮ ነበርኩ። ሐምሌ ነው፤ ካናዳ፣ ሳስካቱን ውስጥ ሰው በካናቴራ የሚቀመጥበት ጊዜ። ዳሪል ቋሊማ ይጠብሳል፣ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ውኃ ይረጫጫሉ። ሬዲዮው የልጁን ደመወዝ ሲናገር ጎረቤቶች ከአጥር ወዲያ በደስታ ጮኹ፤ መንገድ ላይ መኪኖች ጡሩምባ ነፉ። ዳሪል ብቻ ቋሊማውን መገልበጥ ረስቶ ቆመ።

«ምነው? አይገባውም ልትል ነው?» አልኩት።

«እንዴት አይገባውም! በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደሱ በረዶ ላይ የሚሆን ሰው አይቼ አላውቅም» አለና ወደ ጭሱ አየ። «ጣሪያው ግን ያው ነው፣ ዌንዴል። ንቅንቅ አላለም።»

ዌንዴል እኔ ነኝ። በመልበሻ ክፍል ከዳሪል ጎን ስድስት ዓመት የተቀመጥኩ፣ በአራተኛው መስመር፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሚገቡት ጋር፣ አብሬው የተጫወትኩ ሰው ነኝ። ጣሪያው ያለው ምን እንደሆነ ለኔ ማስረዳት አላስፈለገውም። በሊጋችን የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ደመወዝ ተደምሮ ከተወሰነ ልክ አያልፍም፤ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ሀብታም ቢሆንም አያልፍም። አንድ ጋቢ ለብዙ ሰው ማለት ነው፤ አንዱ ሲከናነብ የሌላው እግር ውጭ ያድራል። ኮከቡን የሚነካው የለም። ከታችኛው ቡድን የሚመጣው ጀማሪ ደግሞ ርካሽ ነው። የሚራገፈው ኮከብም ጀማሪም ያልሆነው ነው፤ እንደ ዳሪል፣ እንደ እኔ ያለው።

ዳሪል የትንሿ ከተማ የካኖራ ልጅ ነው፤ አባቱ ስንዴ ገበሬ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ጀርባው ላይ የእሱ ስም የተጻፈበት ማልያ የለበሰ ደጋፊ ካየሁ፣ ያ ደጋፊ ወንድሙ ነው። ግብ አያገባም። ሥራው ሌላ ነበር፦ ከእኛ አንዱ ተቀጥቶ ሲወጣና ባላጋራ በቁጥር ሲበልጠን፣ በረኛችን ፊት ይንበረከክና እንደ ኳስ በዱላ የሚመታውን ጥቁር የጎማ ዝርግ በገላው ይቀበላል። በደረቱ፣ በእጁ፣ በቁርጭምጭሚቱ። የፊት ጥርሶቹ የሐኪም ናቸው። ወደ ወንበር ሲመለስ፣ «ይቺኛዋ ጣመችኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

መኸር ላይ ጨዋታ ሲጀመር ፍርሃቱም ጀመረ። መጀመሪያ ፊንላንዳዊው ቴሮ ሄደ። ጠዋት ስንገባ የስሙ ጽሑፍ ከመቀመጫው በላይ ተልጦ፣ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።  ቀና ብሎ ያየም የለም፤ ሁሉም ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ስቱዋርት ፔነር ክፉ ሰው አልነበሩም። በኮሪደር ሲያልፉ ዳሪልን፣ «ማዚ፣ አጥንትህ ደኅና ነው?» ይሉታል፤ እሱም፣ «የቀረው ደኅና ነው፣ ጌታዬ» ይላቸዋል። የዘወትር ቀልዳቸው ነበር። ከገና በኋላ ግን ፔነር ዓይናቸውን ወደ ወለሉ አድርገው ማለፍ ጀመሩ። እንዲህ ባለፉበት የመጀመሪያው ዕለት ዳሪል ምሳ አልበላም።

«ሊያባርሩኝ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ኧረ አንተ ደግሞ! ሰውየው ጥርሱን አሞት ይሆናል።»

«ጥርስ አይደለም። ሊያርድህ ያሰበ ሰው ዓይንህን አያይም።»

በጥር፣ ከሜዳችን ውጭ ስንጫወት፣ እንደ በር የሰፋ ተከላካይ ዳሪልን ከጎን መጥቶ ከሜዳው አጥር ጋር አጋጨው። የአጥሩ መስታወት ሲንቀጠቀጥ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ተሰማኝ። ዳሪል ተነሣ፣ እጁን አወዛወዘ፣ ጨዋታውን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያኔ አላወቅሁም፤ በኋላ እሱና ባለቤቱ ኮሊን ናቸው ያጫወቱኝ።

በማግስቱ ግራ ዓይኑ ውስጥ እንደ ጥላሸት ያሉ ነጠብጣቦች ይዋኙ ጀመር። አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ መብረቅ የመሰለ ነገር፣ ግን ድምፅ የሌለው። እያደር ደግሞ በዓይኑ ጠርዝ ግራጫ መጋረጃ መጣ። ዘወር ሲል አብሮት ይዞራል። ሲያሸው አይሄድም።

ለማንም አልተናገረም። እኔን፣ «ቦታ እንቀያየር፣ ያ መብራት ይወጋኛል» አለኝ። ተጫዋች ገደኛ ነው፤ አንዱ ካልሲውን አያጥብም፣ አንዱ ሁልጊዜ ቀኝ ጫማውን ያስቀድማል። የሱም እንደዚያ መስሎኝ ተነሥቼ ለቀቅሁለት። ለካ ሰው ሁሉ በቀኙ እንዲሆንለት ነበር።

ኮሊን የደረሰችበት በቁርስ ሰዓት ነው። ዳሪል ለታናሿ ልጅ ወተት ሲቀዳ፣ ወተቱ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ሳቀች። ኮሊን አልሳቀችም። ልጆቹን ካፖርት አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት ሸኘችና በሩን ዘጋች።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«እንቅልፍ ነው።»

«ዳሪል፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ከውሻና ከድመት ጋር የምውል የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነኝ። የታመመ ነገር የት እንደታመመ ሳይነግረኝ ነው የማውቀው። ዓይንህ ምን ሆነ?»

ተቀመጠ። ነገራት። ቃሉ ከአፉ መውጣቱ ራሱ አስፈራው።

«ዛሬ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች።

«የዝውውር መዝጊያው ቀን ይለፍ። እሱ ካለፈ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ማንም አይነካኝም። ያኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እስከዚያ ፊትህ ላይ ቢመቱህስ?»

«ቀኝ ዓይኔ አለ።»

ኮሊን ያቺን መልስ ስታስታውስ፣ «ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጨዋታ ቁጭ ብዬ አላየሁም» አለችኝ። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ እሷ ኩሽና ቆማ፣ ጋዜጠኛው የባሏን ስም እንዳይጠራ ትጸልያለች። ስሙ ከተጠራ አንድ ነገር መታው ማለት ነው።

ዳሪልም ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ሆነ። በፊት ጎማዋን ሲመለከት ነበር የሚወድቅባት። አሁን በግራው የሚመጣውን የሚያውቀው በድምፅ ነው፤ ዱላው ሲመታት ጠው ይላል፣ ከዚያ ንፋሷ ይመጣል። አንዴ ጆሮውን ታካ አለፈች። አጨበጨቡለት፤ ሆን ብሎ ጎንበስ ያለ መስሏቸው። እሱ ግን ተቀይሮ እንደወጣ ቀጥታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዶ አስመለሰ፤ አፉን ታጥቦ ተመለሰ። «ይቺኛዋ ጣመችህ?» አልኩት። ሳቀልኝ፤ ላቡ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ቡድሮ ከዳሪል ሰፈር ነበር የተከራየው። ኩቤክ ያደገ ልጅ ነው፤ የእኛ የምዕራቡ ብርድ እንኳ ለሱ የተለየ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ልምምድ በዳሪል መኪና ይሄዳል። የየካቲት ቀን ነው፤ ፀሐይዋ በበረዶው ላይ ታንጸባርቃለች። ድልድዩን አልፈው ወደ ቀኝ ሊታጠፉ ሲሉ ቡድሮ በድንገት፣ «ቁም! ቁም! ቁም!» ብሎ መሪውን ያዘው። ዳሪል ፍሬን ረገጠ። መኪናው ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ የበረዶ ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ።

ዳሪል አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሲያዞር ነው ያያት። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ፣ መሻገሪያው መሀል ደርቃ ቆማለች። በመኪናውና በጋሪው መካከል አንድ ሰው አይቆምም።  ጋሪው ውስጥ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ እየሮጠች ተሻገረች።

ሞተሩ ጠፋ።

«አላየሃትም» አለ ቡድሮ። ድምፁ የልጅ ሆኖ ነበር።

«ፀሐይዋ ናት።»

«ፀሐይዋ በኔ በኩል ናት፣ ማዚ። ትናንትም በግራህ ጎማዋን ሳቀብልህ አልፋህ ሄደች። ባለፈውም። ግራህን አታይም!»

ዳሪል የልጁን ክንድ ጨመቀ። «ለማንም አትናገር። እስከ መዝጊያው ብቻ። ማትያስ፣ እለምንሃለሁ። ለኔ ሌላ ቡድን የለም። ከዚህ ከወጣሁ ያለቀለት ሰው ነኝ።»

«እኔ ነኝ አይደል?» አለ ቡድሮ። «በኔ ምክንያት ነው አይደል? የቴሮ ሚስት መኪና ማቆሚያው ላይ እንዴት እንዳየችኝ ብታውቅ። ሰላም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግብ ሳላገባ በወጣሁ ቁጥር፣ ‹የሰው እንጀራ በልቶ› የሚሉኝ ይመስለኛል። ወደ ፔነር ልሂድ፣ ከኔ ላይ ቀንሰው ለአንተ ይስጡህ።»

«አይቻልም። አንዴ በውል የተፈረመ ደመወዝ ሊጉ አያስቀንስም። ደሞ አንተ ምን አጠፋህ? ስጡኝ ያልከውን ሰጡህ። አባትህ ቢሰሙህ በጥፊ ይሉህ ነበር።»

ቡድሮ ለመሳቅ ሞከረና አቃተው። ማልቀስ ጀመረ። ዳሪል በኋላ ሲነግረኝ፣ «ስፈራ የኖርኩት ይሄን ልጅ ነበር፣ ዌንዴል። ለካ እሱ ከኔ ብሶ ፈርቷል» አለኝ።

ከዚያ ቡድሮ ነዳ። መልበሻ ክፍል ገቡ። ዳሪል ከጎኔ ተቀምጦ መከላከያውን ሁሉ ለበሰ፣ የበረዶ ጫማውን አጠለቀ። ማሰሪያውን ያዘና ሳያስረው ቀረ። ፊቱን አየሁት፤ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«አሞሃል?» አልኩት።

«ጋሪው ውስጥ ልጅ ነበር» አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም። ተነሣ፤ ማሰሪያው እየተጎተተ፣ በጫማው ስለት ምንጣፉን እየረገጠ፣ ወደ ቡድኑ ሐኪም ክፍል ሄደ። ቡድሮ ከተቀመጠበት ግማሽ ተነሥቶ በዓይኑ ሸኘው።

ዶክተር አኒታ ሮይ ቀኝ ዓይኑን ሸፍና በግራው ጣቷን እንዲያይ ጠየቀችው። ከዚያ መብራት አበራችበት፤ ደግማ አበራችበት። መድገሟን ነው የፈራው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥር።»

«አምላኬ! ዳሪል፣ የዓይንህ የውስጥ ሽፋን ተልጧል። እንዴት እስካሁን ሙሉ በሙሉ እንዳልለቀቀ አላውቅም። አንድ ምት ብቻ ነበር የቀረህ። ልብስህን አውልቅ፤ ሆስፒታል ልደውል ነው።»

«ለአቶ ፔነር ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ። ግዴታዬ ነው።»

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ከጎማው ምት ሁሉ የባሰው መተኛቱ ነበር። ሽፋኑ እንዲጣበቅ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መቆየት አለበት፤ ሲበላም፣ ሲያወራም፣ ሲተኛም። ሊጠይቀው የመጣ ሰው ጫማውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ታናሿ ልጁ ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ከሥሩ ትገባና ፊቱን ታየዋለች። «አባዬ፣ አሁን ታየኛለህ?» ትለዋለች። «አንቺን በአፍንጫዬም አይሻለሁ» ይላታል፤ ስትሄድ ግን ያለቅሳል። ዓይኑ እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበር።

በዝውውሩ መዝጊያ ዋዜማ አንድ ጥቁር ጫማ መጥቶ ፊቱ ቆመ። የፔነር ነው። ኮሊን እንደነገረችኝ ሰውየው ለመቀመጥ እንኳ ፈቃድ ጠየቁ።

«ማዚ፣ ሌላ ሰው ሳይነግርህ ልንገርህ ብዬ ነው» አሉ። «በዚህ ሳምንት ልሸኝህ ነበር። ወስኜ ነበር። ቦታህን ለሚሞላው ልጅ ግማሽህን ብቻ ነው የምንከፍለው፤ ከማትያስ የተረፈው ከዚያ በላይ አይበቃም።»

ዳሪል ወደ ወለሉ እያየ፣ «አውቅ ነበር» አለ። «አሁንስ?»

«አሁን አልችልም። በጨዋታ የተጎዳን ሰው ማባረር ሕጉ ይከለክላል፤ ውልህ እስኪያልቅ ትከፈላለህ። ይህን ያህል ጊዜ ለሚተኛ ሰው ደግሞ ሊጉ ከጣሪያው በላይ ምትክ እንድናመጣ ይፈቅድልናል። ነገ ከታምፓ ቡድን አንድ ተከላካይ ይመጣል።»

ዳሪል ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፔነር የሚያለቅስ መስሏቸው ደንግጠው ተነሡ። እሱ ይስቅ ነበር። «ዓመቱን ሙሉ ቦታዬን እንዳላጣ ስለፋ» አለ፣ «ወድቄ ነው ከጣሪያው ሥር ቦታ የለቀቅኩላችሁ!» ፔነር አልሳቁም። እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆሙና ወጡ።

ዓይኑ በከፊል ተመለሰ። ፊት ይለያል፣ ጽሑፍ አያነብበትም፤ በግራ ጠርዝ ያለው ጨለማ ቀረ። ተጫዋችነቱ በዚያው አበቃ። ፀደይ ላይ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ካኖራ ተመለሱ፤ ኮሊን እዚያ የእንስሳት ክሊኒክ ገባች፣ እሱ ከወንድሙ ጋር እህል ይገዛል። መኪና የምትነዳው እሷ ናት። እኔም በዚያው ዓመት ተራገፍኩ፤ ሬጃይና ከተማ ገብቼ የቤት ማሞቂያ እጠግናለሁ።

ባለፈው ዓመት ቡድሮ ትኬት ልኮልን እኔ፣ ዳሪልና ኮሊን ሳስካቱን ሄደን ጨዋታ ተመለከትን። ዳሪል በመጀመሪያ ደኅና ነበር፤ ቋሊማውን በላ፣ ዳኛውን ሰደበ። ከዚያ የእኛ ሰው ተቀጣና፣ ስሙን የማላውቀው አንድ ወጣት በረኛው ፊት ተንበረከከ። ባላጋራው ዱላውን ወደ ላይ ሲያነሣ ዳሪል ክንዴን ጨመቀው፤ ቀኝና ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ጎማዋ ስትመታው ድምፁ እስከ እኛ ተሰማ።

«ተነሣ?» አለኝ ሳይገልጥ።

«ተነሥቷል። ይስቃል።»

«ሳቅ አይደለም፤ ፍርሃት ነው» አለ። ኮሊን ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ በግራው በኩል ገብታ ክንዱን ያዘችና ደረጃውን እየመራች አወጣችው። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁ። አሸነፍን።