ጠበል የማይገባበት ክፍል

ቅዳሜ ጠዋት... ደብረ ብርሃን፣ ታናሽ እኅቴ ብርቄ ባቋቋመችው የብርድ ልብስ መሸመኛ ውስጥ ነን። ማሽኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሡበት ቀን ስለሆነ የነፍስ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተዋል። እኔ የጠበሉን ጆግ ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ።

ሥራ በከፊል ትቶ መሄድ አልወድም። ቢሮውን፣ የሱፍ መጋዘኑን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር አስረጨሁ። በመጨረሻ ጥግ ላይ አንድ የተቆለፈ የብረት በር አየሁ።

«አባ፣ ይህችኛዋ ቀርታለች» አልኩ።

የመብራት ባለሙያው ሰይድ፣ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፣ ከየት መጣ ሳንለው በሩን ተደግፎ ቆመ።

«እማማ፣ እዚህ ውኃ አይገባም።»

«ውኃ አይደለም፣ ጠበል ነው።»

«እኔማ አውቃለሁ... እሱ ግን አያውቅም» አለ፣ በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ እያመለከተ።

አባ ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ።

ሰይድ በሩን ከፍቶ ከደጅ ሆነን እንድናይ ፈቀደልን። በግራ በኩል፣ ከዋናው መስመር አሥራ አምስት ሺህ ቮልት የሚገባበት ግራጫ የብረት ቁም ሳጥን። በቀኝ በኩል፣ ውጪ ያለው ትራንስፎርመር ዝቅ አድርጎ የመለሰው ኃይል ለማሽኖቹ የሚከፋፈልበት ሌላ ቁም ሳጥን። መሃላቸው የሽቦ አጥር።

«ሁለቱን ለምን አንድ ክፍል ውስጥ አጎራችኋቸው?» አልኩት።

«ቦታ ጠበበን እማማ። እኔ ትንሹ ጋ ስሠራ አጥሩ ከትልቁ ይጠብቀኛል። ውኃን ግን አጥር አያቆመውም።»

ብርቄ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ማሽኑ ፊት ቆመች። «ያልተባረከ ክፍል ይዤ ሥራ አልጀምርም። ሠራተኛው ወደየቤቱ ይሂድ።»

የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው የቆሙት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስንት ወር የጠበቁት ቀን ነው።

አባ ወደ ሰይድ ዞሩ። «እዚህ ክፍል የሚገባው ማን ነው?»

«እኔ ብቻ ነኝ አባ» አለ ሰይድ።

«እንግዲያው ጠበሉ ይቅር። ልጄ፣ መግባትህንም መውጣትህንም ይባርክልህ።»

«አሚን አባ።» ጎንበስ አለ።

«ይኼ ለክፍሉ ይሆናል?» አለች ብርቄ።

«ክፍሉማ ምን ይሆናል... የሚጎዳው ሰው ነው። እሱ በደኅና ሲወጣ ትጀምሪያለሽ።»

ሰይድ ጓንቱን አጥልቆ ኃይሉን ሊለቅ ገባ፣ በሩንም ዘጋ። ከውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ብርቄ ክንዴን ጨመቀችው። መብራቶቹ በሩ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ሰይድ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ።

ማንም ሳይቀድመኝ እልል አልኩ... ለሙሽራ እንኳ እንደዚያ እልል ብዬ አላውቅም።